ለሥራ የተቀመሰ

የአክስቴ ባል ጭማቂ ቤት ነበረው። ጠባብ ነች፤ መፍጫ ማሽኖች፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ደጇ ላይ የተደረደረ ማንጎና ፓፓያ፣ ሌላ ነገር የላትም። ግን ሰው ከሩቅ እየመጣ ይሰለፍባት ነበር፤ ምክንያቱም ሰውዬው ሳይቀምስ ለማንም አይቀዳም። የፈጨውን በማንኪያ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ወይ ሎሚ ወይ ሙዝ ይጨምራል፣ ደግሞ ይቀምሳል። «ያልቀመስኩትን ለሰው አላጠጣም» ይላል፤ ኩራቱ ለጉድ ነው።

ስኳር በሽታ እንዳለበት ሲነገረው ጭማቂን እርም አለ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ አንስቶ ሲጠጣ ያየው የለም። የምታክመው ሐኪም «ፍሬውን ራሱን በልክ ብላ፤ ጭማቂው ግን ስኳርህን ወዲያው ነው ከፍ የሚያደርገው» ብላው ነበር፤ እሱም ቃሏን አከበረ። ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ጠዋት ደህና ይሆንና ከሥራ ሲመለስ ጣራ ይነካል።

ታዲያ በማን ይላከክ? በአክስቴ ነዋ!

«ዛሬ ደግሞ ምን ከተትሽበት?» ይላታል ሳህኑን ገፋ አድርጎ።

እሷም ዳቦውን ቀነሰች፣ ሩዙን ተወች፣ ድንች ከቤቱ ጠፋ። እያየ እንዳይጎመጅ ብላ ራሷም አብራው ቅጠላ ቅጠል ስትበላ ከረመች። ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋባት። እኔ ብሆን ሳህኑን አናቱ ላይ ነበር የምደፋበት።

እግሩ ላይ አንዲት ቁስል ወጥታ አልድን ብላ አመረቀዘች። አንድ ቀን እኔና አክስቴ ምሳውን ይዘንለት ሄድን። ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ይፈጫል፣ ይቀምሳል፣ ይቀዳል፤ ደግሞ ይፈጫል፣ ይቀምሳል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለችው።

«የቱ?»

«ይሄ የምትውጠው!»

ማንኪያውን አየ፣ እሷን አየ። ፊቱ የዋሸ ሰው ፊት አልነበረም፤ እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

«ይሄማ ሥራ ነው። ይሄ መጠጣት ነው እንዴ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ማንኪያውን ወረወረ፤ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ሸሹት። እግሩ ግን አልጠበቀውም። ቁስሉ ወደ ላይ ወጣና ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ከሆስፒታል የወጣ ዕለት አክስቴ ራት አቀረበችለት። ሳህኑን እንደ ድሮው አልገፋውም፤ ሲያየው ቆየ።

«አንቺ፣ ምግብሽ እኮ አልነበረም» አላት።

«አውቃለሁ። ብላ በቃ፣ ይቀዘቅዛል» አለችውና ወደ ጓዳ ገባች።

ደስ ይላታል ብዬ ተከትያት ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ምነው የኔው ጥፋት ሆኖ እግሩ በተረፈ!» አለችኝ።