በመሪማ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ደራሲ

አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነው። ብዕር ስይዝ እጄ መርፌ የያዘ ይመስለዋል፤ መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን መሪማ፣ «አንቺው ጻፊው። ስማችንንም እንዳትለውጪ፤ ስም ተለውጦ ሲጻፍ የሚመጣውን አይቼዋለሁ» አለችኝ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። ከጎኗ የምሰፋ ጎረቤቷ ነኝ። ያየሁትንና የነገረችኝን ነው የማወራው። የተንሻፈፈ ነገር ካለ ጥፋቱ የኔ ነው።

መሪማ ከሚሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው በሚቀመጡበት በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ ከኖረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሽርጥ ትዘመዝማለች፣ ጀለቢያ ትሰፋለች፣ የተቀደደ ትጥፋለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው። ፊደል የቆጠረችው ከኔ ጋር በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስታነብ ጣቷን ከፊደሉ ስር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች፣ አንዱን ቃል ከያዘች በኋላ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ሰው ካያት ደግሞ መጽሐፉን ጨርቅ ስር ትሸጉጠዋለች። ግን ታሪክ ትወዳለች። የቆሎ መጠቅለያ ወረቀት እንኳ ሳታነብ አትጥልም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ አንድ አውቶብስ ተበላሽቶ ከሚሴ ላይ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የቦርሳው ማንገቻ ተበጥሶበት ወደ መሪማ መጣ። ዝናቡ መሄጃ ስለከለከለው በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው መርፌውን እየሻጠች።

«ልብ ወለድ እጽፋለሁ።»

«ያልሆነውን ሆነ እያልክ?»

«እንደሱ ነው» ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ ከየት ታመጣዋለህ?»

ትንሽ አሰበና፣ «ከሰው» አላት። «ሰው አንድ ነገር ይነግረኛል። አብዛኛውን እረሳዋለሁ። አንዳንዷ ግን ልብስ ውስጥ ተሰብራ እንደቀረች መርፌ ነች። ለበስኩት ብዬ ስንቀሳቀስ ትወጋኛለች። የት እንዳለች እስካገኛት እጽፋለሁ። አንቺም ካለሽ አውሪኝ።»

መሪማ መጀመሪያ ጀለቢያውን ገልብጦ ለብሶ ሰርግ ስለሄደ ሰው አወራችው። ሰውዬው በሳቅ ፈረሰ። ዝናቡ ግን አላባራም። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወጋትን መርፌ አሰበች።

ያቺ መርፌ እንዲህ ነች። መሪማ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች ጥጆች ይዛ ቦርከና ዳር ከአንድ ሾላ ስር ቆማ ነበር። ወንዙ ሞልቷል። ታላቅ ወንድሟ ጀይሉና ጓደኛው ኢልያስ፣ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ሰዎች፣ ማሽላ ውስጥ በገባ በሬ ተጣሉ። ኢልያስ ዱላውን አነሳ። ጀይሉ ደረቱን ገፋው። ዳሩ ተናደና ኢልያስን ውሃው ወሰደው። ይሄ እንኳ የአላህ ቁጣ ነው ይባላል። ዱላው ግን ዳር ላይ ቀርቶ ነበር። ጀይሉ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ዱላውን አንስቶ፣ ወደ ውሃው ወረወረው። መሪማ ይሄን አየች፤ እሱ ግን እሷን አላየም። ሬሳውም አልተገኘም። ሽማግሌዎች የሰፈሩን ወንዶች ሰብስበው ቁርዓን አስመቱ። ሁሉም አላየንም ብለው ማሉ፤ ጀይሉም ማለ። ሴት ልጅ ለመሐላ ስለማትጠራ እሷን የጠየቃት የለም።

ይሄንን ነው እንግዲህ፣ «አያቴ ያጫወተችኝ ተረት ነው» ብላ፣ ስም ሳትጠራ፣ ለማታውቀው ሰው የነገረችው። ሰውዬው አሁን አልሳቀም።

«ዱላው ምን ዓይነት ነበር?» አላት።

«ጫፉ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ። ሰባት ዙር።»

«አያትሽ ዙሩን ቆጥረው ነው?»

መሪማ አንገቷን ደፍታ ፔዳሉን ረገጠች። ሌላ አልጠየቃትም። ቦርሳውን አንግቶ ወደ አውቶብሱ ሲሮጥ ግን ደረቷ ቀለላት። ሰንበቴ ገበያ ላይ ለአፋር ነጋዴ ያወሩት ነገር ባቲ ገበያ ላይ ቀድሞ እንደሚጠብቅ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አፋር ወሬ ተቀብሎ ማድረስ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ ለአፋር ሲያወሩ ይጠነቀቃሉ። የአዲስ አበባን ሰው ግን መንገድ ላይ አስቁሞ ወሬ የሚቀበለው ማን አለ? ይዞት ሄደ፣ አለቀ፣ አለች በልቧ።

ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ አዟሪ ክንዱ ላይ ቆልሎ በረንዳችንን ሲያልፍ፣ መሪማ የአንዱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ያንን ሰው በፎቶ አየችው። ገና ርዕሱን ፊደል በፊደል ሳትጨርስ ገዛችው። ደስታዋን እኔ አውቃለሁ። «ይሄ ሰው እዚች በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከኔ አፍ ወሬ ወስዷል» እያለች ለረድፉ ሁሉ አሳየች። ያቺን ሌላዋን ነገር ደራሲው እንደረሳት እርግጠኛ ነበረች። አብዛኛውን እረሳለሁ ብሏት የለ?

የኛ ረድፍ የንባብ ልማድ አለው። የእጅ ሥራችንን፣ ቁልፍና ዘርፉን፣ ከአሱር፣ ከአሥር ሰዓት ገደማው ሰላት፣ በኋላ ላለው ጊዜ እናቆየዋለን። ያን ሰዓት መኪና አይረገጥም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው ሰፊ ሙሀመድኑር ያነባል፣ እኛ በመርፌ እየጠቀምን እንሰማለን። ቀድሞ ማንበብ ነውር ነው። በረንዳችን በር ስለሌለው መጽሐፉ የሚያድረው ከፊት ለፊት ካለው ከበድሩ ጨርቅ ቤት ነው። በድሩ ፊደል አያውቅም፤ ከሁላችን ይልቅ ንባብ የሚወደው ግን እሱ ነው። በድሩ የኢልያስ ታናሽ ወንድም ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጀለቢያውን የገለበጠው ሰውዬ መጣ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

«ይቺ የኔ ናት!» አለች መሪማ።

«እኔማ የገለበጥሽው አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለ በድሩ። «ባለፈው የሰፋሽልኝ ኪሱ በጀርባዬ በኩል ነው።»

ሁለተኛው ቀንም በጨዋታ አለፈ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ውስጥ ወንዝ ሞላ። ሁለት ጓደኛሞች በሬ ይዘው መጡ። መሪማ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ መርፌው ጣቷ ውስጥ ሲገባ አልተሰማትም። ሙሀመድኑር በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ «ጫፉ ሰባት ዙር መዳብ የተጠመጠመበት ዱላ» ብሎ አነበበ።

በድሩ እጁን አነሳ። «ወዲህ መለስ በል እስቲ።»

ሙሀመድኑር ደገመለት።

«የኛ ኢልያስ እንደሱ ያለ ነበረው» አለ በድሩ። «ሽቦውን የጠመጠምንለት እኔና እናቴ ነን።»

«መዳብ የጠመጠመ ሁሉ ወንድምህ ነው እንዴ?» ብሎ አንዱ ቀለደ። በድሩ ወደ መሪማ ዞሮ፣ በጣም በቀስታ፣ «ይቺስ? ይቺም ያንቺ ናት?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ጸሐፊ የሰማውን ሁሉ አይደል የሚቀላቅለው።»

በማግስቱ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ወንዶቹ ወደ መስጂድ ሲሄዱ፣ በድሩ እንደ ልማዱ፣ «መሪማ፣ ሱቁን እይልኝ» አላት። ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን መጽሐፍ አወጣች። ሙሀመድኑር ምልክት ያደረገባትን ክር አገኘች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነበር ማወቅ የፈለገችው፤ ጣቷ ግን አይሮጥም። ሰላቱ ሳያልቅ ስንት ገጽ ልትደርስ? አንድ ገጽ አለፈች። ሁለተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሰውዬው በየዓመቱ የሟችን እናት ማሳ ያርሳል። አገሩ ደግ ይለዋል። እሱ ግን እርፉን በጨበጠ ቁጥር የሚጨብጠው ያንን ዱላ ነው።»

መልሳ አነበበችው። ፊደሉን የሳተች መስሏት ሦስተኛ ጊዜም አነበበችው።

ይሄን አልነገረችውም። ለማንም ነግራ አታውቅም። ጀይሉ ከጨፋ ሮቢት እየመጣ የበድሩን እናት የእመት ሰሊማን ማሳ ማረስ ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷ ራሷ እንደ ጽድቁ ነበር የምታየው። ያ ሰውዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እንዲህ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል ብሎ አስቦ አስቦ ደረሰበት። የሰጠችው ዱላውን ብቻ ነበር። ማሳውን ራሱ ነው ያገኘው።

መቀሷን አምጥታ ገጹ ላይ አሳረፈችው። ሙሀመድኑር ግን ገጽ ይቆጥራል። ደግሞስ አንዱን ብትቆርጠው፣ ኮምቦልቻና ደሴ በየአዟሪው ክንድ ላይ ያለውን ማን ይቆርጠዋል? መቀሱን መለሰችው።

ያን ቀን ከአሱር በኋላ ንባቡ ማሳው ጋ ሊደርስ አንድ ገጽ ሲቀረው መሪማ፣ «ዓይኔ ደከመ፣ ጀንበሯም አዘቀዘቀች፣ ይብቃን» አለች። አንባቢው እያለ የሰሚ ዓይን እንዴት ይደክማል ብለው ሳቁባት።

«ተዋት፣ እውነቷን ነው» አለ በድሩ። «ነገ ገበያ ነው፤ ጀይሉም ይመጣል። አብሮን ይስማው። ቦርከናን ከኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።»

ፊቱን አየችው። ፊደል ቢሆን ጣቷን ከስሩ አድርጋ ትለየው ነበር። የበድሩ ፊት ግን ምንም አላስነበባት።

ቤቷ እንደገባች ለወንድሟ ደወለች።

«አካም ጅርታ እታለም» አለ ጀይሉ፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

«ነገ አትምጣ።»

«ለእመት ሰሊማ ማሽላ ይዣለሁ እኮ። በድሩም ደውሎልኛል፤ የመሪማ መጽሐፍ አለ፣ ናና ስማ ብሎኛል። ማል ታኤ? ምን ሆንሽ?»

«ጀይሉ፣ ያን ቀን ሾላው ስር ነበርኩ» አለችው።

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የበሬ ደወል ይሰማል።

«ሃያ ሦስት ዓመት?» አለ በመጨረሻ።

«ሃያ ሦስት ዓመት።»

«መጽሐፉ ላይ አለ?»

«አለ። ማሳውም አለ።»

«ማሳው?» አለ። «ማሳውን ማን ነገረው?»

«ማንም።»

እንሽሽ ይላል፣ ወይም አንቺ ነሽ የሸጥሽኝ ይላል ብላ ጠበቀች። ቢሸሽ የደሙ ዕዳ ወደ ልጆቹ እንደሚዞር ሁለቱም ያውቃሉ። «እመጣለሁ» አለና ዘጋው።

ተቀምጣ አሰበች። ነገ በድሩ ያን ገጽ በገበያ ሰው መሃል ከሰማው፣ ጀይሉም አጠገቡ ከሆነ፣ ቢፈልግም ደም ሳይመልስ መቅረት አይችልም። ሰው ሁሉ እጁን እጁን ያየዋል። ብቻውን ከሰማው ግን ምናልባት ለዕርቅ ሽማግሌ ይጠራ ይሆናል። ምናልባት። ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘችም። እንደተቀመጠች ነጋ።

ጠዋት የመኪናዋን ሽፋን ሳታነሳ በቀጥታ ወደ ጨርቅ ቤቱ ሄደች። በድሩ ቆርቆሮ በሩን እየከፈተ ነበር።

«መጽሐፉን ስጠኝ፤ ላንተ ብቻ የማነበው አለ።»

«አንቺ አንብበሽ እስክትጨርሺ ገበያው ይበተናል» አለ። ሊቀልድ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ገባና መጽሐፉን ከሳጥኑ አወጣ። የራሷን በርጩማ ከበረንዳው አምጥቶ ሰጣት፣ እሱ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ጨርቅ የሚለካበት የብረት ዘንግ ጭኑ ላይ ነበር፤ አላስቀመጠውም።

ከመናኸሪያው በኩል የጨፋ ሮቢት የመጀመሪያዋ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። መሪማ ክሩ ያለበትን ገጽ ገለጠች፣ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ስር አደረገች፣ ሰው እያያት፣ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች።