አየሁ ያለችው ዶንካ

ዶንካ ቬልቼቫ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰውን ከላይ ወደ ታች እያየች የኖረች ሴት ነበረች። በፔርኒክ ከተማ ብረት ማቅለጫ ጣሪያ ሥር በሚሄደው ክሬን ላይ ተቀምጣ፣ የቀለጠ ብረት የሞላውን ትልቅ ባልዲ ከምድጃው ታነሣ ነበር። ከታች ቆሞ በእጁ ምልክት የሚሰጣት ሜቶዲ ነው። ግራ ሲላት ግራ፣ አውርጂ ሲላት እያወረደች ሦስት ዓመት ሠሩና ተጋቡ። «ከሠርጉ በኋላ ምልክት ሰጪዋ እሷ ሆነች» እያሉ ባልደረቦቻቸው ይቀልዱባቸው ነበር።

ኮሚኒስት ፓርቲው ወድቆ ገበያው ነፃ ወጣ በተባለ ማግስት ምድጃዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ክሬኑን የገዛው ሰው ቆራርጦ በባቡር ጫነው። ሜቶዲ ከፋብሪካው አጥር የተረፈ ላሜራ ለቃቅሞ፣ በገዛ እጁ በይዶ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ኪዮስክ ሠራላት። መኪትሳ መጥበስ ጀመረች፤ በእርጎ የተቦካ ሊጥ በፈላ ዘይት ውስጥ ተነፍቶ ይወጣል፣ ስኳር ይነሰነስበታል። ሥራ የሌለውም ሰው ጠዋት ይርበዋልና ወረፋው አልጠፋም።

ለውጡ በመጣ በስድስተኛው ዓመት፣ አንገታቸው ከጭንቅላታቸው የሚወፍር ሦስት ሰዎች መጡ። አለቃቸው ክሩም ይባላል፤ የነፃ ትግል ሻምፒዮን የነበረ ነው። ሜዳልያ ይዞ በመጣ ጊዜ ዶንካ ራሷ በፋብሪካው አዳራሽ እጇ እስኪቀላ አጨብጭባለታለች። ደመወዝ ይከፍለው የነበረው መንግሥት ሲፈርስ፣ ጉልበቱን ይዞ ወደ ገበያ ወጣ። ከሁለቱ ተከታዮቹ አንዱ፣ ጆሮው የተቀደደው፣ ዴንዮ ነው።

«እማማ ዶንካ፣ የመኪትሳሽ ሽታ እኮ ከሩቅ ይጣራል» አለ ክሩም፣ አንገቱን በመስኮቱ እያስገባ። «ይቺን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፊያት። ኢንሹራንስ ናት። ከእሳት፣ ከሌባ፣ ከመጥፎ ሰው ትጠብቅሻለች።»

«መጥፎው ሰው ማነው?»

«ካልለጠፍሽ ትተዋወቂዋለሽ።»

ሜቶዲ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ ከኋላ ገባ። ጆንያውን አውርዶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ለሁለት ቀደደና ክሩም ደረት ኪስ ውስጥ ከተተለት። «ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ ከእሳት ጋር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ከእሳት የምትጠብቀኝ አንተ ነህ? ሂድ ወደ እናትህ!»

ክሩም ሳቀ። ኪሱን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ መናኸሪያው በሰው ጢም ብሎ ሳለ ተመለሱ። ዴንዮ የሜቶዲን ማጅራት ይዞ ፊቱን ከባንኮኒው ጋር አጣበቀው፤ ሌላው ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ያዘ። ቤዝቦል የሚጫወት አንድም ሰው በሌለበት በዚያ አገር፣ የቤዝቦል ዱላ ግን በየመኪናው ነበር። ክሩም መጀመሪያ ቀኙን መታ። ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ተሰማ። ቀጥሎ ግራውን፤ ከዚያ እንደገና ቀኙን።

ዶንካ የፈላውን ዘይት ከነመጥበሻው በሁለት ጆሮው አንሥታ ክሩም ፊት ላይ ደፋችው። የሰው ጩኸት አልመስል ያለ ድምፅ አውጥቶ ወደቀ፤ ቆዳው ከግራ ጉንጩ እስከ አንገቱ ተላጠ። ሌሎቹ ፀጉሯን ይዘው አወጧትና አስፋልቱ ላይ ረገጧት። ሦስት ጎድኗ ተሰበረ። ኪዮስኩ ላይ ቤንዚን ደፍተው ክብሪት ጫሩበት።

አውቶቡስ የሚጠብቁት አርባ የሚሆኑ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው የጉዞ ሰሌዳውን ያነቡ ጀመር። ከጎን ቦዛ የሚባለውን ጣፋጭ የእህል መጠጥ የሚሸጠው ቫንዮ፣ ስንት ዓመት አብሯቸው ማቅለጫው ውስጥ የሠራው ሰው፣ የሱቁን መዝጊያ ከውስጥ ሳብ አድርጎ አወረደ። አንድ ፖሊስ ሱፍ እየገዛ ነበር፤ «ጨምሪልኝ እንጂ» እያለ ከሻጯ ጋር ተከራከረ።

የተከሰሰችው ዶንካ ናት። ከባድ የአካል ጉዳት አድርሰሻል ተባለች። መርማሪው ያን ሁሉ ሰው ጠየቀ፤ ያየ ጠፋ። ቫንዮ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» ብሎ ፈረመ። አሥራ ዘጠኝ ወር ተፈረደባት።

እሷ እስር ቤት ሳለች ያ ክፉ ክረምት መጣ፤ የዳቦ ዋጋ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚቀየርበት፣ በዋና ከተማው ሕዝቡ ምክር ቤቱን በድንጋይ የደበደበበት። ሜቶዲ እጆቹ አልታጠፍ ስላሉት እንጨት መፍለጥ አልቻለም። በቀዘቀዘ ቤት ተኝቶ በሳንባ ምች ሞተ። ለቀብሩ አልለቀቋትም።

ስትፈታ ቤቷ ከመግባቷ በፊት የፋብሪካውን ፍርስራሽ አቋርጣ አንድ ክንድ የሚሆን ብረት አነሣች። የፔርኒክ ሰው ብረት ሳይዝ አይጣላም ይባላል። በካፖርቷ ውስጥ ይዛው ዞረች፤ ሲመሽም ሲነጋም ሐሳቧ የክሩም ቅል ነበር። አንድ ቀን ባንክ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ብረቷን ከካፖርቷ አወጣች። የፊቱን መስታወት አደቀቀች፤ ዞራ የጎኑን፤ ዞራ የኋላውን። ስብርባሪው ጭኑ ላይ ሞላ። ክሩም በዚያ በተሸበሸበ ፊቱ እያያት ከመቀመጫው አልተነቃነቀም።

«ጨረስሽ?» አላት።

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ሌላ ቀን» አለና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። የሚበቀል ሰው ስትጠብቅ ማንም አልመጣም። ፈርቷት ነው ያሉ አሉ። ቫንዮ ግን፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «አሁን ከረባት አሥሯል፣ እነዴንዮንም አባሯል፤ ከረባት ያሠረ ሰው አሮጊት አይደበድብም» አለ። ዶንካ ከእሱ ጋር ከተነጋገረች ዓመታት አልፈዋል።

አገሪቱ አደገች። ሬድዮው በየዓመቱ አምስት በመቶ፣ ስድስት በመቶ ይላል። በማቅለጫው ቦታ ላይ የክሩም ትልቅ መደብር ተሠራ፤ ራሱ የሚከፈት የመስታወት በር ያለው። ዶንካ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የአትክልት ገበያ ቃሪያ ትሸጥ ነበር። አንድ ጠዋት ቅጽ የያዘች ልጃገረድ መጣችባት።

«እማማ፣ የሕዝብ አስተያየት ነው፤ ስም አንጽፍም። አገራችን እያደገች ነው ይላሉ?»

«አዎ ልጄ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ክሩም አድጓል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አርጅቻለሁ። ማርጀት የሚል የለሽም?»

ልጅቷ ሳቋን አፈነች። «የመጨረሻው ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው የሚታመን ነው ይላሉ፣ ወይስ ከሰው ጋር ጥንቃቄ ያስፈልጋል?»

ዶንካ አሁን ገበያው ዳር ወደ ተዛወረው የቫንዮ ሱቅ አየች። «ጥንቃቄ። አድምቀሽ ጻፊው።»

በዚያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ክሩም ከመኪናው ወርዶ ወደ መደብሩ ሲራመድ ሞተር ብስክሌት አጠገቡ ቆመ። ስድስት ጥይት ተተኮሰ። ገበያተኛው ድንኳን እየጣሰ ሸሸ፤ ቲማቲም ተረገጠ፣ ሕፃን ወደቀ። ተኳሹ አልቸኮለም። የራስ ቁሩን ከፍ አድርጎ ምራቁን ክሩም ላይ ተፋ። ያን የተቀደደ ጆሮ ዶንካ ከስምንት እርምጃ ርቀት አየችው። ዴንዮ ነው።

ሞተሩ ሲሄድ ክሩም አጠገብ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ደሙ የቃሪያዋ ሣጥን ሥር ድረስ መጣ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ቁስሉን በጫማዋ መርገጥ ነበር፤ እግሯንም አንሥታለች። እሱ ቀና ብሎ አያት። «ጫማዬ… አንዱ ጫማዬ ወልቋል» አለ፣ እንደ ሕፃን። እግሯን መለሰች። ሽርጧን ፈትታ ሆዱ ላይ በሁለት እጇ ተጫነችው። ትኩስ ደም በጣቶቿ መሀል ሽቅብ ይወጣ ነበር። አምቡላንሱ ሳይደርስ ክሩም እጇ ላይ ሞተ።

ወጣቱ መርማሪ ገበያውን ሁሉ ጠየቀ። አንዱ እየመዘንኩ ነበር፣ ሌላው ጎንበስ ብዬ ነበር አለ። ዶንካ ዘንድ ሲደርስ እጇን እየታጠበች ነበር።

«አየሁ» አለችው። «ዴንዮ ነው። ፊቱን ገልጦ ነው የተፋበት። ጻፍ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አቆመ። «እማማ፣ የእርስዎን ታሪክ ሰምቻለሁ። የባልዎን ማጅራት የያዘው እሱ ነው። ጠበቃው ቂም ነው ይላል። ደግሞም ለክሩም ብለው ነው እንዴ?»

«ለክሩም እሳት ነው የምመኝለት። ያየሁትን ግን አየሁ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍ።»

በሦስተኛው ቀን መስኮቷ በድንጋይ ተሰበረ፤ በሯ ላይ አንገቱ የተቆረጠ ዶሮ ተሰቅሎ አገኘች። ጎረቤቶቿ ሰላምታ ነሷት። በሳምንቱ በሯ ተንኳኳ። ብረቷን ይዛ ከፈተች። ቫንዮ ነበር፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«ዶንካ… ያኔ ጀርባዬን አልሰጠሁም ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«የአሁኑንም አይቻለሁ። አንቺ ብቻሽን ከሆንሽ ቂም ነው ይሉሻል። እኔ ከዴንዮ ጋር ቂም የለኝም።»

ብረቱን ጣለችና በጥፊ መታችው። ኮፍያው ወደቀ። ሌላም ጨመረችለት፤ ከንፈሩ ደማ። አልተከላከለም፤ ቆሞ ተቀበለ። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

በችሎቱ ቀን በአንድ አውቶቡስ ሄዱ፣ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀምጠው። ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ። ዴንዮ አሥራ ሰባት ዓመት ተፈረደበት፤ ሲወጣ ወደ ቫንዮ ዞሮ ጣቱን በጉሮሮው ላይ አሳለፈ። ከአራት ቀን በኋላ የቫንዮ ሱቅ መስታወትና ማቀዝቀዣ ደቀቀ። በማግስቱ ዶንካ ቃሪያዋን ትታ መጣች። መጥረጊያ ይዛ ስብርባሪውን ጠረገች፤ እሱ በተከፈተው መስኮት ቦዛ ሸጠ። ወረፋ ከቆሙት አንዱ፣ ዶንካ የማታውቀው ሰው፣ አካፋ አንሥቶ አገዛት።