የአሥራ አንድ ቁጥር ኳሶች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከስሜና ከአድራሻዬ ሌላ የጻፈው ነገር የለም። ይህንንም ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእሳቸው ነግሬ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ሲሰሙት ትንሽ ነገር ነው። በአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ አንድ ልጅ የያዛቸውን ኳሶች ወስጄ ለሌላ ልጅ ሰጠሁ። በእጄ አይደለም፤ በአፌ ነው።

ወደ አሜሪካ ያመጣችኝ አክስቴ ንግሥት ናት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከእሷና ከልጇ ከሳሚ ጋር እኖር ነበር። ሳሚ እዚሁ የተወለደ፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከኳስ ሌላ ወሬ የማያውቅ ልጅ ነው። ከሬስቶራንት ሥራዬ ስመለስ ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል፤ እሱ ይወረውራል፣ እኔ እየሮጥኩ አቀብለዋለሁ። ጨዋታውን የለመድኩት እንዲህ ነው። ከሰው ጋር ማውራት ስለሚያሳፍረኝ ዓይኔ ነበር የሚሠራው።

በዚያ ጊዜ አንድ አዲስ ትንሽ ሊግ ተቋቋመ። ክፍያው ከቤንዚን የማያልፍ ቢሆንም ለሳሚ ፕሮፌሽናል መባሉ ትልቅ ነገር ነበር። እሱ ሰባት ቁጥር ለባሽ ነው። በዚያው ቡድን በእሱ ቦታ የሚጫወት ሌላ ልጅ ነበር፤ አሥራ አንድ ቁጥር። አሠልጣኙ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንደሚይዝ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሲያልቅም የእያንዳንዳቸውን ውጤት አይቶ እንደሚወስን ነግሯቸዋል።

ለመጀመሪያው ጨዋታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንሄድ አክስቴ መኪናው ውስጥ ዝም አላለችም።

«ዛሬ ከጣሉህ ለዕድርተኛው ምን ብዬ ነው የማወራው?»

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ስትረስ አታርጊኝ።»

«እኔ ስትረስ አረግኩህ? ስወልድህ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ መቼም አፍ የለሽም። በሆድሽም ቢሆን ጸልዪለት።»

ምነው በጸለይኩና በቀረ።

ማን ስንት ኳስ እንደያዘ፣ ማን ለማን እንዳቀበለ የሚመዘግቡት፣ በእነሱ አነጋገር ስታት የሚይዙት፣ ጋሽ ተድላ ነበሩ። አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ወረቀቱን እንጂ ሜዳውን አጥርቶ አያይም። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ የማልያ ቁጥር ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ። ያን ቀን የሚነግራቸው ሰው ቀረ። ሳሚ እኔን ጠቆመላቸው። አንድ ሰው «የልጁ ዘመድ እኮ ናት» ሲላቸው ጋሽ ተድላ ሳቁ።

«ይቺን ጭምት? ለመናገር የምታፍር ልጅ ለመዋሸት ከየት ታመጣለች?»

ነጥብ ግድግዳው ላይ ይበራል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ አይሰረቅም። ከቀለበቱ ተመልሳ የመጣችውን ኳስ ከዚያ ሁሉ እጅ መካከል ማን እንደያዛት ግን ወረቀቱ የሚያውቀው ከተናጋሪው አፍ ነው።

ሦስት ሰዎች አብረው ዘለሉ። ኳሷን የያዘው አሥራ አንድ ቁጥር ነው። «ማን ነው?» አሉ ጋሽ ተድላ። ሰባት አልኩ።

የመጀመሪያው በስህተት ነበር ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። አይደለም። በደንብ አይቻለሁ። ልጁ ኳሷን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ሲወርድ፣ ጫማው ወለሉን ሲፍቀው ሰምቻለሁ። አይቼ ሰባት አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ሰባት አልኩ። በኋላማ ጋሽ ተድላ ሳይጠይቁኝም ሰባት እል ጀመር።

ለምን አደረግኩት? የአክስቴ ውለታ ነው? ሳሚን ስለምወደው ነው? ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ከሁለቱም ሥር ሌላ ነገር አለ፣ እሱን መጻፍ ነው የሚያሳፍረኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የተናገርኩት ሁሉ ወዲያው ይጻፍ ነበር። እኔ ስናገር አንድ ትልቅ ሰው እስክሪብቶ ያንቀሳቅሳሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። እየዋሸሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ አሥራ አንድ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው መጣ። ወረቀቱን አይቶ መጀመሪያ ሳቀ፤ የተሳሳትን መስሎት ነው። በጣቱ እያሳየ ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄም የእኔ ነው አለ። ጋሽ ተድላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው አንገት መድፋቴን እንደ ጨዋነት ቆጠሩልኝ። ልጁን በእንግሊዝኛ ተቆጡት፤ በሰው ላብ አትመካ ዓይነት ነገር። እሱ ከእሳቸው ይልቅ እኔን አየኝ። ግራ ተጋብቶ ነበር እንጂ አልተቆጣም። ከዚያ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ሁለተኛ አላየሁትም።

አሠልጣኙ ሳሚን ያዘ። ስንመለስ ሳሚ ወረቀቱን መኪና ውስጥ እያየ «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የያዝኩት?» አለ። አክስቴ «ልጄ ትሑት ነው» አለች። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ሳሚ ሁለተኛውን ዓመት እንኳ ሳይጨርስ ኳሱን ተወ። ዛሬ ሎረል ውስጥ ቤት ያሻሽጣል፤ ስለዚያ ሊግ ሲያወራ ይስቃል። ለእሱ ጨዋታ ነበር። ለዚያኛው ምን እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ወደ የት ሄደ? እጁ የያዘውን ዓይኑ ያየ ሰው፣ አልያዝክም ሲባል ስለ ራሱ ምን ያስባል? ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ ማለት አልፈልግም፤ እሱም ልጅ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ተድላን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያን የሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ጭራሽ ደክሟል። ብርቱካን ላጥኩላቸውና ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«አሥራ አንድ ቁጥር የያዛቸውን ሰባት እያልኩ ነው ያስጻፍኩዎት። አውቄ ነው።»

እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። ግድ የለም እንዲሉኝም ፈልጌ ነበር። ብርቱካኑን ሳይበሉ አስቀመጡት።

«ውሸታም ብዬ ነው እኮ የመለስኩት» አሉ። «ከነቦርሳው።»

ከዚያ ፈልገን እንንገረው አሉ፤ እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አሉ፤ ስልካቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የልጁን የማልያ ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም።

«የልጁ ስም ማን ነበር?»