«ዩ» አንተ ነው ወይስ አንቱ?

ቢቸና እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉ ያስቸገረችኝ በአምስተኛ ክፍል አንደኛ የምትወጣው ልጅ ነበረች። ሰነፎቹማ ምን ያስቸግራሉ፤ ያልኳቸውን እየተከተሉ ይጮኻሉ፣ ደወል ሲደወል እዚያው ጥለውት ይወጣሉ። እሷ ግን አንድ ነገር ካልገባት ያወጣችውን እጅ አታወርድም። አባቷ በአካባቢው የታወቁ የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ግቢው ውስጥ ተኮልኩለው ግስ ሲያወርዱ፣ ይህ ለአንድ ይነገራል ያ ለብዙ ይነገራል እያሉ ሲከራከሩ ጆሮዋ ለምዶታል። ሌላው ልጅ እንግሊዝኛን እንደ ዘፈን ሲይዘው እሷ እንደ ሰዋስው ነበር የምትመረምረው።

እኔ ከአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ዓባይ ድልድይን ተሻግሬ የመጣሁ ገና ጥርሴን ያልነቀልኩ አስተማሪ ነኝ። የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ መሆኑ ነው፤ ያኔ መጨረሻ መሆኑን ማን አወቀ። ልጆቹም ወላጆቹም «እትዬ» ይሉኛል። በዚያ ዕድሜ እትዬ መባል አልጣመኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ቀን አባታችሁ የት እንዳሉ በእንግሊዝኛ ንገሩኝ አልኳቸው። እሷ ተነሣችና «ማይ ፋዘር አር ኢን ዘ ቸርች» አለች።

«ኢዝ» አልኳት።

«አር» አለችኝ።

«አባትሽ ስንት ናቸው? አንድ አይደሉም እንዴ? ኢዝ!»

«እትዬ፣ ኢዝ ማለት ‘ነው’፣ አር ማለት ‘ናቸው’ ብለውን የለም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አባቴን ‘ነው’ ልበላቸው?»

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! የሁሉም አባት «አር» ሆነ። ሰክሮ ሲመጣ ቤተሰቡን የሚያስለቅሰው ሰው ልጅ እንኳ አባቱን «አር» አለ። «ኢዝ» የቀረው ለአህያና ለዶሮ ብቻ ነበር። ተናደድኩ። እንግሊዝኛ ትልቅ ትንሽ እንደማይለይ፣ ሽማግሌም ቢሆን ዳኛም ቢሆን «ኢዝ» እንደሆነ አስረዳሁ። ጃንሆይም ቢሆኑ ልል ብዬ ቃሉን ዋጥኩት፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ አነጋገር እንጀራ ያሳጣ ነበር። ልጅቱ በመጨረሻ «ኢዝ» አለችልኝ፤ ስትለው ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሚነቀፍ ነገር እንዳደረገች ሁሉ ወደ መሬት እያየች ነው።

ያቺን ልጅ እወዳት ነበር። ስድስተኛን አልፋ ደብረ ማርቆስ ገብታ አስተማሪ እንድትሆን እኔ ከሷ ይበልጥ እመኝላት ነበር። በክፍሉ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች መካከል እዚያ ትደርሳለች ያልኩት እሷን ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የወላጆች ቀን ሆነና ዳስ ተጣለ። ዳይሬክተራችን አንድ ተማሪ ለክብር እንግዶቹ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ያቅርብ አለ። ከእሷ ሌላ ማን አለ? መሪጌታም ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዱ ነበሩ። ልጅቱ ወጣች፣ እጅ ነሣች፣ ወደ አባቷ ዞረችና ጥርት ባለ ድምፅ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ፋዘር። ሃው አር ዩ?» አለች።

ከጀርባቸው አንድ የቢሮ ጸሐፊ ተቀምጦ ነበር። እንግሊዝኛ ማወቁን ሳያሳይ ያመለጠው አጋጣሚ የለም። ለጎረቤቱ የሚነግር መስሎ፣ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማው «‘እንዴት ነህ?’ ነው እኮ ያለቻቸው!» አለ።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ወረደ። መሪጌታ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ «እግዜር ይስጥልን» አሉና በሰው መካከል አልፈው ወጡ። ልጅቱ እዚያው ቆማ ቀረች። የምታየው አባቷን ሳይሆን እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁና ቤታቸው ሄድኩ። መሪጌታ ወንበር አስጠጉልኝ፤ ልጅቱ ጠላ ቀዳችልን፤ እንደ ደንቡ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ምሰሶው ሥር ቆመች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«መሪጌታ፣ ልጅዎ አንተ አላለችዎትም» ብዬ ጀመርኩ። «ያ ሰውዬ ሳያውቅ ነው የዘላበደው። እንግሊዞች ለአንድ ‘ኢዝ’፣ ለብዙ ‘አር’ ይላሉ። ‘ዩ’ ግን ለአንድ ሰው ሲነገርም ተከትሎት የሚመጣው ‘አር’ ነው። ጥንት ለ‘አንተ’ ሌላ ቃል ነበራቸው፤ ያ ቀስ በቀስ ጠፋና ለብዙ የሚነገረው ብቻውን ቀረ።»

ፊታቸው ላይ ብርሃን መጣ። እግራቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ቀረቡ። «እንደ ግእዙ ‘አንትሙ’ በይኛ! የብዙውን ለአንዱ ለክብር ሰጡት። የኛም አንቱ የወጣው ከዚያው አይደል!»

«እሱን ነው የምልዎት።»

«እንግዲያ ልጄ አንቱ ነው ያለችኝ?»

«አንቱ ነው ያለችዎት።»

ከት ብለው ሳቁ። ድገሚላት ብለው ጠላዬን አስሞሉልኝ። ልጅቱ እስኪፈስ ድረስ ቀዳችልኝ። ተሳካልኝ ብዬ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

«ለሎሌስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«ለሎሌም ‘ዩ’ ነው።»

«ለውሻስ?»

ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ፊት ተቀምጬ እንዴት ልዋሽ። «ለውሻም ‘ዩ’ ነው» አልኩ።

መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ቋንቋው ጥፋት የለበትም፤ ልጅቱም ጥፋት የለባትም» አሉ። «ነገር ግን እትዬ፣ ሁሉን አንቱ ያለ ሰው ማንንም አላከበረም። እሷ ነገ ሰው ቤት ትገባለች። ባሏን ከሎሌው፣ አማቷን ከጎረቤት ለይታ የምትጠራበት አፍ ያስፈልጋታል። የተማረችው ይብቃት።»

ለመንኳቸው። ስድስተኛን እስክትፈተን ብቻ ትማር አልኳቸው። ሌላ ወሬ አመጡ።

እናቲቱ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። «አይድከሙ እትዬ» አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው። «አንድ የሞጣ ዲያቆን ከጥር ጀምሮ ሽማግሌ እየላከ ነው። ቅስና ሊቀበል ነው፤ ካላገባ ደግሞ አይቀስስም። እሳቸው አንድ ልባቸው ከትምህርቱ ነበር፤ ያን ቀን ሰው ፊት ሲሳቅባቸው ቆረጡ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገዱ ላይ ብቻዬን እየለፈለፍኩ ነበር። በጸሐፊው ተናደድኩ። በመሪጌታም ተናደድኩ፤ ይበልጥ ያናደደኝ ግን እሳቸውን መጥላት አለመቻሌ ነው። ልጃቸውን የሚወዱ፣ ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው። ክርክሩን የረታሁት እኔ፣ ልጅቱን ያጣሁትም እኔ። በግንቦት ተዳረች።

በሚቀጥለው ዓመት ሞጣ ተዛወርኩ። አንድ የገበያ ቀን ከበርበሬ ተራ ስወጣ አንዲት ሴት መንገድ ዘግታ እጅ ነሣችኝ። ሻሽ አስራለች፣ ጀርባዋ ላይ ጨው ይሁን እህል የቋጠረ ስልቻ አዝላለች። ፊቷ ከሳ ብሏል፤ ዐይኗን ባላየው ኖሮ አልፌያት ነበር።

«እንደምን ከረሙ እትዬ?» አለችኝ።

ባሏ ጥቂት ቀደም ብለው መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኔ ቢበልጡ በሁለት በሦስት ዓመት ነው፤ ግን ቄስ ናቸውና አንቱ አልኳቸው፣ መስቀል ተሳለምኩ። ስለ ትምህርት እንዳላነሣ ባሏ ፊት ናት፤ ስለ ትዳሯ እንዳልጠይቅ አስፈራኝ። ሳላስበው ዞሬ «አር ዩ ዌል?» አልኳት።

ወደ መሬት አየች። ጠፍቶባታል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን አሉሽ?» አሏት ቄሱ።

«‘ደህና ነዎት ወይ?’ አሉኝ።»

ቄሱ ሳቁ። «ነዎት? አንቺን?»

«አዎን» አለች፣ ስልቻዋን ወደ ላይ እያስተካከለች። «እኔን።»