ተሸንፎ አገሩ ገባ ወይ?

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ የዚህ ገጽ ተከታይ «ስለ ቦክሰኞች ሕይወት የተጻፉ፣ ወይም ራሳቸው የጻፏቸው፣ ሊነበቡ የሚገባቸውን መጻሕፍት ጠቁመኝ» ሲል ጻፈልኝ።

መልሱን ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። መመዘኛዬን ለመናገር አልቸገርም። ቦክሰኛው ለተሸነፈበት ቀን፣ ካሸነፈበት ቀን ያላነሰ ገጽ ከሰጠ መጽሐፉን አንብቡት። ሌላ ሰው ከጻፈለት ይልቅ ራሱ የተረከውን አስቀድሙ፤ ተመልካች ቡጢውን ነው የሚያየው፣ ከቡጢው በኋላ ያለውን ዝምታ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ከሁሉ የማስቀድመውን መጽሐፍ ርዕስ ግን ልነግራችሁ አልችልም... አላውቀውም። ሽፋኑና የፊት ገጾቹ የሉም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ወልድያ ተመድቤ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ጋሽ አራጋው የሚባሉ መካኒክ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ቡድን ቦክስ የተጫወቱ። አንድ ቅዳሜ ወደ ጋራዣቸው ጠሩኝና ከመለዋወጫ ሣጥን ሥር መጽሐፉን አወጡ። ከአሰብ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር የሰጣቸው የአንድ ባዕድ ቦክሰኛ ግለ ታሪክ ነው። የራሱን ሽፋንና የፊት ገጾች ገንጥለው የመኪና ጥገና መጽሐፍ ሽፋን ለጥፈውበታል።

«ሽፋኑ ያስጠይቃል ብዬ ነው» አሉኝ። «እንግሊዝኛው አይገባኝም። ሰውዬው እንደኔ መዘረሩን ግን ከፎቶው አይቻለሁ። በል አንብብልኝ መምህር።»

በየቅዳሜው አንድ ምዕራፍ ሆነ። እኔ መጽሐፉን ቤቴ ወስጄ ሳምንቱን ሙሉ በመዝገበ ቃላት እዘጋጃለሁ፤ ቅዳሜ እሳቸው ሞተር ውስጥ እጃቸውን ነክረው ሲሠሩ በአማርኛ አሰማቸዋለሁ። አንድ ቀን «በግራው አገጩን ሲለው ጉልበቱ ከዳው» ስል የቀበሌው ጥበቃ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጓድ መምህር፣ ምንድን ነው የሚነበበው?»

ጋሽ አራጋው ቀና እንኳን አላሉም። «የፍሬን ትምህርት ነው ጓድ። ፍሬን የከዳው ሰው ምን እንደሚሆን።»

«ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ብሎ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ነው የልባቸውን የነገሩኝ። የተወለዱት መርሳ አጠገብ፣ ግራና በምትባል ቦታ ነው። «ዋንጫ ሳልይዝ ደጅሽን አልረግጥም» ብለው ለእናታቸው ምለው ወጡ። በሁለተኛው ዙር ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ መርሳ ድረስ ሲመላለሱ እንኳን ወደ ግራና ታጥፈው አያውቁም። እናትየው በሕይወት አሉ።

«ስለዚህ እኔ ጡጫውን አይደለም የምጠይቅህ» አሉ። «ተሸንፎ አገሩ ገባ ወይስ አልገባም? እሷን ብቻ ንገረኝ።»

አውቄዋለሁ። አስቀድሜ እስከ መጨረሻው አንብቤው ነበር። ቦክሰኛው አገሩ አልገባም፤ እናቱም ሳታየው ሞታለች።

«ምዕራፉ ሲደርስ እናየዋለን ጋሽ አራጋው። ከቅደም ተከተሉ ከወጣ ትርጉሙ ይዛባል።»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። «እሺ። እኔም ሞተር በተራ ነው የምገጥመው። አንተም በተራህ ግጠም።»

ሁለት ምዕራፍ ሲቀረን አንድ ቅዳሜ ብሄድ ጋራዡ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው የሆነው ባለሱቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐሙስ ከሰዓት የወታደር መኪና መጣ። መካኒኮቹን ወደ ሰሜን ወሰዷቸው። ለአሥራ አምስት ቀን ነው ተብሏል» አለኝ።

አሥራ አምስት ቀን አለፈ። ወርም አለፈ... ሌላም ወር። ለእናታቸው ማንም እንዳልነገራቸው ገመትኩና መርሳ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ ግራና ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ልጃቸውን ለዓመታት ላላዩ እናት፣ ደግሞ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ ብሎ መንገር እንዴት ይጀመራል?

አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ከወልድያ መምጣቴን ስናገር እንዝርቱን አስቀመጡ።

«መምህሩ አንተ ነህ?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«አራጋው ነግሮኛል። ረቡዕ መጥቶ፣ አድሮ፣ ሐሙስ ጠዋት ሄደ። በማግስቱ ወሰዱት እንዳልል፣ ያንኑ ዕለት ነው አሉ የወሰዱት።»

መቀመጫ ሳይሰጡኝ ተቀመጥኩ።

«በሩ ላይ ቆመና ‹ተሸንፌ ነው የመጣሁ እማዬ› አይለኝም? ‹መቼ?› አልኩት። ቡጢውን ማን አስታወሰው ልጄ! ልጄን እንጂ ዋንጫ መች ጠብቄ!» ሳቁ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንድ መጽሐፍ አለ አለኝ። ‹መምህሩ መጨረሻውን ደበቀኝ፤ ግን ከአካሄዱ ሰውዬው አገሩ ሳይገባ አይቀርም፤ እሱ ከገባ እኔ ምን ያስቀረኛል ብዬ መጣሁ› አለ።»

ከዚያ ጠጋ አሉኝ።

«ገባ ታዲያ?»

በሕይወቴ በተጻፈው ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ተርጉሜ አላውቅም። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አውቃታለሁ።

«ገብቷል፣ እናቴ።»

«እሰይ! እናቱም ዓይኑን አየች።»

«አየች።»

ጋሽ አራጋውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ሰሜን ደርሶ የተመለሰ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ፤ በኋላም የተመላሾች ስም ሲለጠፍ ቆሜ አንብቤያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን እስካሁን ጆሮዬ የመፍቻ ድምፅ ይፈልጋል። የቀሩትን ሁለት ምዕራፎች ለማንም ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም... የሳቸው ናቸው።

ትርጉሜ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ እርማት ግን አላወጣለትም።