ቃጭሏ ሳይሰማ የያዝኳት ኳስ

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ከክንዴ ደም ቀድታ ስትጨርስ ጥጡን በፕላስተር አሸገችልኝ። የፕላስተሩ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ዓይኖቼን ጭፍን አደረግኩ። መጨፈኔ ያስቃል፤ ማየት ካቆምኩ ስንት ዓመቴ! ግን ያ ሽታ ሲመጣ ዛሬም ዓይኔን ሊያሽጉብኝ ይመስለኛል።

ያኔ በቀኝ ዓይኔ ትንሽ አይ ነበር፤ ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ነገር እለያለሁ። ነቀምቴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የስፖርት መምህራችን ጎልቦል የሚባል ጨዋታ አመጣልን። ሦስት ለሦስት ነው። ከባዷ ኳስ ሆዷ ውስጥ ቃጭል አለባት፤ አንዱ ቡድን ያንከባልላታል፣ ሌላው ድምጿን ሰምቶ ወለሉ ላይ በጎኑ ተዘርግቶ በሰውነቱ ይመልሳታል። መስመሩ ሥር ሲባጎ ስለተቀበረ የት እንደቆምን በእጃችን ዳብሰን እናውቃለን። ጭራሽ የማያየውም፣ እንደ እኔ ጥቂት የሚያየውም እኩል እንዲሆን ሁላችንም ዓይናችንን እንሸፍናለን። የእኔ መሸፈኛ ግን አፍንጫዬ አጠገብ ተቀዷል። ቀዳዳውን ለማንም አልተናገርኩም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ቢላ ከምትባል ከተማ የመጣች የአንዲት ልጅ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ አታይም። «ሞግዚቷ ዛሬ ተቆጥታለች፣ ተረከዟን ስሚ» ትለኝና ሁለታችንም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን እንስቃለን። በዓመቱ መጀመሪያ ሊያደርሷት የመጡት አባቷ እኔው ፊት ነው የተናገሩት፤ «አዲስ አበባ ለሚሄደው ቡድን ከተመረጥሽ ትቆያለሽ። አለዚያ በቃ፣ ቤት ይሻልሻል።» እሷም «ቶሌ፣ አባ» ብላ እሺታዋን ሰጠች። ድምጿ ሲቀጥን ሰምቻለሁ።

የምርጫው ቀን አንድ ቦታ ቀረ፤ ለእኔ ወይ ለእሷ። መምህሩ «ጨሊሳ! ዝም በሉ!» ብሎ አዳራሹን ጸጥ አሰኘና ለሁለታችን በተራ ይወረውር ጀመር። እሷ አንድም አላሳለፈችም። የእኔ ተራ ደርሶ ኳሷ ከእጁ እንደወጣች ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የወለጋን ዝናብ ለሚያውቅ መናገር አያስፈልግም፤ ጎንሽ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማሽም። ልምምድ ላይ ሲዘንብ ሁሌ እናቆም ነበር። እኔ ግን በቀዳዳው ጥቁር ክብ ነገር ስትመጣ አየሁ። ሳላስበው ተወርውሬ ሆዴ ላይ አቀፍኳት።

መምህሩ እየሮጠ መጥቶ «ጆሮ ማለት ይሄ ነው!» እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የሚያይ ሰው ነውና እኛ ምን እንደሰማን በምን ያውቃል? እዚያው መረጠኝ። ግድግዳውን ይዘው ከተቀመጡት ሴቶች አንዷም አላጨበጨበችም።

ዝናቡ ሲያባራ ቧንቧው ጋ ካልሲ እያጠብን ያቺው ጓደኛዬ «ያ ኢንተላ» አለችኝ፤ እሷ ስትወድሽም ስትቆጣሽም «አንቺ ልጅ» የምትለው እንዲህ ነው። «ዝናቡ ውስጥ ምን ሰማሽ?»

«ቃጭሏን» አልኩ።

«እኔ ቆርቆሮውን ብቻ ነው የሰማሁት።» ካልሲዋን ጨምቃ ሄደች። ብትጮህብኝ እወድ ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው እያደር ከበደኝ። ብናገር መባረር አለ። እናቴ ደግሞ «ልጄ አዲስ አበባ ልትጫወት ነው» ብላ ገበያውን አዳርሳለች። ዝም ብል እሷን አባቷ ወደ ቢላ ይመልሷታል። መውጫ አላገኘሁለትም።

ጓደኛዬ ግን በምርጫው ማግስት ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ አዳራሹ ወሰደችኝ። ሻርፗን ዓይኔ ላይ ሁለት ዙር አጥብቃ አሰረች። «እዚያ መጀመሪያ በፕላስተር ያሽጋሉ አሉ፤ መሸፈኛው ከላይ ነው። ልመጂ።» ሳምንት ሙሉ አንከባለለችልኝ። «አትቸኩዪ። ወደ አንቺ የምትመጣ ኳስ ድምጿ ይወፍራል፤ የምታልፍሽ ይቀጥናል። እስኪወፍር ጠብቂ።» እውነቱ ስንቴ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ! ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

አዲስ አበባ ዓይኔን አሸጉት። ያን የመሰለ ጨለማ አላውቅም ነበር። ሲባጎውን ዳብሼ ቦታዬን አገኘሁ፤ እግሬ ሊሮጥ ይፈልጋል፣ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አያውቅም። አንዷ ኳስ አለፈችኝ። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። ያ ቦታ የማን እንደሆነ እያንዳንዷ እየነገረችኝ ታልፋለች። ከዚያ አንዷ መጣችና ድምጿ ሲወፍር፣ ሲወፍር ሰማሁ። ጠበቅኳት። ጎድኔን መታችኝ፤ ያዝኳት። ያቺን ብቻ። ተሸነፍን።

አንዷን መያዜን ልነግራት፣ ሌላውንም ሁሉ ልነግራት ቆርጬ ተመለስኩ። አልጋዋን ስዳብስ እጄ ብረት ነካ፤ ፍራሹ ተጠቅልሏል። «አባቷ ከትናንት በስቲያ መጥተው ወሰዷት» አለችኝ ሞግዚቷ።

ከነርሷ በወጣሁ ማግስት የዚያችን ጓደኛዬን ስልክ ከቢላ ሰው አፈላልጌ ደወልኩ። «ሄሎ?» አለች። ጥቂት አዳመጠችና «ያ ኢንተላ፣ ትንፋሽሽ ይጠፋኛል?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

አለቀስኩ። እሷም አላባበለችኝ፣ አልወቀሰችኝም። ከበስተኋላዋ ሕፃን ይነጫነጫል። ቆይታ «የአዲስ አበባው አዳራሽ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ትልቅ ነው። ስታጨበጭቢ ድምፁ ሩቅ ሄዶ፣ ቆይቶ ነው የሚመለሰው።»

«ቆይቶ?» አለች።

«ቆይቶ።»

ከዚያ ሕፃኑን ልታባብል ዞረች። እኔም ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ጠበቅኳት።