ሂዳያ ሳትጨርስ የፈረመችው ሥራ

ሂዳያ ጠይብን የማውቃት በግድግዳ ነው ማለት ይቻላል። መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ የእኔን የወረቀት ሱቅና እሷ የምትሠራበትን የእትዬ በለጥሻቸውን ጽሕፈት ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ቺፑድ ነበር። ስትተይብ እሰማለሁ፣ ስትስቅ እሰማለሁ፤ በኋላም ስታለቅስ ሰምቻለሁ።

ከወሎ ያመጣት ታላቅ ወንድሟ ኢምራን ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናትና አባታቸውን ቀብሮ፣ የስምንት ዓመት እህቱን ግማሹን መንገድ በጀርባው አዝሎ አዲስ አበባ ገባ። እህል በረንዳ ኩንታል እየተሸከመ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሳት። እሱ ራሱ አንዲት ፊደል አልቆጠረም። ትከሻው እየደከመ ሲመጣ፣ ኢሕአዴግ በገባ በስድስተኛው ዓመት፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጋዘን ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ቋሚ ሥራ ነው። የቅጥር ቅጹን የሞላችለት ሂዳያ ናት፤ የልደት ዘመን በሚለው ቦታ 1950 ዓ.ም. ብላ ጻፈች፤ እሱ በአውራ ጣቱ ፈረመ።

እትዬ በለጥሻቸው የጽሕፈት መኪናዎቹን አውጥተው ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ሲያስገቡ ሂዳያ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ አማርኛ ነበረው። እዚህ የተጻፈ ማመልከቻ ሦስት በር አልፎ ሲከፈት ጉንዳን የተራመደበት ይመስላል። ሰው ይጣላል፤ ጽሑፌን አበላሻችሁ እያለ። ሌሎቹ ተያቢዎች እንደገና ጽፈው ይገላገላሉ። ሂዳያ ግን ምክንያቱን ካላወቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሰው ናት። አንድ የዩኒቨርሲቲ ደንበኛ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ የሚያስተካክለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በሲዲ ትቶላት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

አንድ ቀን ካርቦን ልትገዛ መጥታ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «ጋሼ ኃይሌ፣ ኮምፒውተር የአገሩን ልማድ የሚያውቀው ከአንድ ፋይል ነው። ሳምንቱ በምን ቀን እንደሚጀምር፣ ወሮቹ ማን ማን እንደሚባሉ፣ ፊደሉ በምን ተራ እንደሚደረደር፣ ቀን ሲጻፍ ዕለቱ ይቅደም ወሩ፤ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ለአማርኛ የተሰናዳውን ከፍቼ አየሁት። ወሮቹን ምን ይላል መሰለዎት? ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ!»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

«በራሴ ልጽፈው ነዋ።»

ጻፈችው። እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር ነው የሚገባው። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ፋይሉ በሙሉ ኮምፓይል አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ አይለወጥም ማለት ነው። በምሳ ሰዓቷ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ወራት ፈጀባት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ብላ ነሐሴ ደረሰችና ጳጉሜን ላይ ተቸከለች። ፋይሉ አሥራ ሁለት ወር እንጂ አሥራ ሦስት አይቀበልም። ተናደደች። በመጨረሻ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ለብቻው ሠርታ ከፋይሉ ጋር አያያዘችው። የተሳካላት ቀን በቺፑዱ በኩል ጮኸች፤ የሆነ ነገር የወደቀባት መስሎኝ ሮጥኩ። ስክሪኑ ላይ «ማክሰኞ ጳጉሜን 3» ይላል። ከዚያ በኋላ የኮምፒውተር ችግር ያለበት ሁሉ ሰባተኛ ሂዳያን ጠይቅ ይባል ጀመር።

ሰብሐት የመጣው በዚህ ዝና ነው። ለመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር የማስገባት ጨረታ የሚያሸንፍ፣ ሱፉ የማይጨማደድ ሰው ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጥ ውል ይዟል። አሥራ አራት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ሁሉም በአሜሪካ ቅንብር የመጡ። ሂዳያ የአማርኛውን ቅንብር፣ ያንን የጻፈችውን ፋይል፣ ከቀን መመለሻው ጋር እንድትጭንባቸው ተዋዋሉ። መሥሪያ ቤቱ ኢምራን የሚሠራበት ነው። ኢምራን ያንን ሲሰማ ዘበኞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ «መሥሪያ ቤታችንን ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገባው እህቴ ናት፤ ወላሂ!» አለ አሉ።

ዘጠኙ በደንብ ሄዱ። አምስቱ ግን አሮጌ ስለነበሩ ፋይሉን አልቀበል አሉ። ለእነሱ ለብቻ እንደገና መሥራት፣ ከዚያም መፈተን ያስፈልጋል። ሂዳያ አንድ ሳምንት ጠየቀች።

«የምን ሳምንት? ሰኞ ምረቃ ነው፤ ሚኒስትር ይመጣል» አለ ሰብሐት። ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገላት። በአሥራ አራቱም ኮምፒውተሮች ላይ የቋንቋና የቀን ቅንብር ተጭኖ ተፈትኗል የሚል ነው።

«አቶ ሰብሐት፣ አምስቱ እኮ አልተጫነም። በእነዚያ ላይ የእኛ ዓመተ ምህረት ከገባ የፈረንጅ አድርገው ነው የሚይዙት። የሰው ዕድሜ ይበላሻል።»

«ፈርሚና ከምረቃው በኋላ ገብተሽ ትጨርሻለሽ። ማን ይከለክልሻል?»

ፈረመች። ያኔ ለምን እንደፈረመች ስትነግረኝ ሰበብ አላበዛችም። «ትልቅ ሰው ነው። እኔ የጽሕፈት ቤት ልጅ ነኝ። ሌላ ሥራም ይሰጠኛል ብዬ አሰብኩ» ነው ያለችኝ።

ምረቃው አለፈ። ሂዳያ በማግስቱ ልትጨርስ ስትሄድ በሩ ላይ መለሷት፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ርክክብ ተደርጓል። በሳምንቱ ደግማ ሄደች፤ አሁንም መለሷት። ሰብሐት ስልክ አያነሳም። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ልትጽፍ ጀምራ ተወችው፤ ያልጨረሰችውን ጨርሻለሁ ብላ እንደፈረመች መግለጽ ይሆንባታላ። ቀስ በቀስ ነገሩን ረሳችው። ወይም የረሳች መሰለች።

በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ኢምራን ደብዳቤ ይዞ መጣ። በእህቱ ካልሆነ በሌላ ሰው ደብዳቤ አያስነብብም ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ቶነር ላደርስ ገብቼ።

«በይ አንብቢልኝ። የደረጃ ዕድገት ሳይሆን አይቀርም» አላት እየሳቀ።

ሂዳያ ማንበብ ጀመረች። «ዕድሜዎ ስድሳ ዓመት የሞላ በመሆኑ ከሰኔ 30 ቀን 2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ…»

«ስድሳ? የማን ዕድሜ ነው ስድሳ? እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ!»

ሂዳያ ደብዳቤውን እንደገና አየችው። ፊቷ አመድ ሆነ። የገባት ወዲያው ነው። በ1950 የእኛ የተወለደውን ሰው ኮምፒውተሩ በ1950 የፈረንጅ ተወለደ ብሎ መዝግቦታል። ፈረንጅ ደግሞ 2010 ደርሷል፤ ኢምራን በሰባት ስምንት ዓመት ያለ ዕድሜው አርጅቷል። የመጋዘን ሠራተኞች መዝገብ የተገለበጠው ከአምስቱ አሮጌዎች በአንዱ ነበር።

ሁለቱም አብረው መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ አቶ ጥላሁን ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጧቸው።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ እህቴ» አሏት።

«የቅጥር ቅጹን ያውጡልኝ። በእጄ የጻፍኩት ነው፤ 1950 ዓ.ም. ይላል።»

አስወጡና አዩት። «ልክ ነሽ፣ ይላል። ግን ዓ.ም. የየትኛው ዓመተ ምህረት እንደሆነ አልተገለጸም።»

«እንዴ! እ.ኤ.አ. አይልም እኮ!»

«አላለም። የኢትዮጵያ ነው ብሎም አልተጻፈም።» ከዚያ ሌላ ፋይል አስመጡና አንዲት ወረቀት አዞሩላት። «ደግሞስ ቅንብሩ በሁሉም ላይ ተጭኗል፣ ተፈትኗል ብሎ የፈረመው ማን ነው? ይኼ ያንቺ ስም አይደለም?»

ኢምራን ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ማንበብ አይችልም፤ ግን የእህቱን ፊርማ ያውቀዋል። ረጅም ጊዜ አየው።

«ያልጨረስሽውን ነው የፈረምሽው?» አላት በዝግታ።

«ወንድም ጋሼ፣ እጨርሰዋለሁ ብዬ…»

«ፊርማው ያምራል» አለ። «እኔ እሱን እንድትችዪ ነው ኩንታል የተሸከምኩት።» ወረቀቱን ለአቶ ጥላሁን መልሶ፣ ጠመዝማዛውን ደረጃ ብቻውን ወረደ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በቺፑዱ በኩል የሰማሁትን ለቅሶ እስካሁን አልረሳሁትም። ቁጣ የማያልቅባቸው እትዬ በለጥሻቸው እንኳ በሩን ዘግተውላት ውጭ ቆሙ።

ኢምራን በራሱ መንገድ ሞከረ። የልደት ማስረጃ አምጣ ሲሉት ወሎ ወዳለችው የትውልድ ቀዬው ወረባቦ ወረደ። ሲወለድ የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌ ሲፈልግ ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው መሰከሩለት፤ የቀበሌው ጸሐፊ «ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ይሆናል» ብሎ ማኅተም መታበት። አዲስ አበባ ሲደርስ «ይሆናል» የሚል ቃል አይሠራም ተባለ። ሰኔ ሠላሳ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከበ። ጡረታው የደመወዙ ሲሶ ቢሆን ነው። በሐምሌ እህል በረንዳ ተመልሶ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በሚያውቀው ቦታ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ሸካሚዎች ጋር ተሰልፎ አየሁት።

ሂዳያ ሰብሐትን አፈላልጋ አገኘችው። ቢሮው ትልቅ ሆኗል። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ባለሙያዋ አንቺ ነበርሽ። አልሆነም ካልሽ ለምን ፈረምሽ?» አላት። እውነቱን ነው፤ እሷን የገደላትም ይኸው እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ብዙ ሰው አያደርገውም። ሦስት ገጽ ጻፈች። የትኞቹ አምስት ኮምፒውተሮች እንደሆኑ፣ ስህተቱ እንዴት እንደሚመጣ፣ ኮምፒውተሮቹ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይቀበሉ ጳጉሜን የተወለዱትን መዝጋቢዎቹ ያለ ልደታቸው ነሐሴ ሠላሳ ብለው ማስገባታቸው የማይቀር እንደሆነ ዘረዘረች። መጨረሻው ላይ፦ «ሥራውን ሳልጨርስ ጨርሻለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ለመሥሪያ ቤቱም ለበላዩም አስገባች። እንድትፈርምበት እስክሪብቶ ያቀበልኳት እኔ ነበርኩ።

ዓመት ሙሉ ዝም አሉ። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከኮሚቴው ኮሚቴ ወጣ። መዝገቡ ሲመረመር ከሠላሳ በላይ ሠራተኛ ያለ ዕድሜው አርጅቶ ተገኘ። ገና ያልወጡት ተስተካከለላቸው። ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው አንድ ሾፌር ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጥቶ እጇን ስሟት ሄደ። እሷ ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማንኛውም የኮምፒውተር ሥራ እንዳይሰጣት ተጻፈባት። ሰብሐት ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ እንዲያውም ማስተካከያውን የሚሠራውን ጨረታ ያሸነፈው የእሱ ድርጅት ነው።

የኢምራን ደብዳቤ የወጣው በ2005 ጥቅምት ነው። የልደት ዘመኑ በስህተት መመዝገቡ ተረጋግጧል ይላል፤ ቀጥሎም መደቡ በአዲሱ መዋቅር የተሰረዘ ስለሆነ ወደ ሥራ መመለስ አይቻልም ይላል። በዚያ ሰሞን ኢምራን ከመኪና ላይ የወረደ የምስር ኩንታል ጉልበቱን አጣሞት ቤት ተኝቶ ነበር። ባለቤቱ መሊካ ናት ያስነበበችው፤ ጎረቤት ጠርታ። ሰምቶ ሲጨርስ «አስቀምጪው» ብቻ አላት።

አሁን አንድ የጤፍ ነጋዴ በረንዳ ላይ ሚዛን ይጠብቃል፤ እግሩን ዘርግቶ። ሂዳያ እዚያው ጽሕፈት ቤት ናት፤ ማመልከቻ ትተይባለች፣ ሊኑክስ የሚባል ነገር ሲነሳ ወሬ ትለውጣለች። በሳምንት ሁለት ቀን ለመሊካ ዘይትና ስኳር ታደርሳለች፤ ኢምራን ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ አይጠይቅም። በዒድ ጠዋት ቤቱ ትሄዳለች። እሱ ተቀምጦ እጁን ይሰጣታል፣ ልጆቹን ትስማለች፣ ሻይ ትጠጣለች፤ ስለ ዋጋ መወደድ ትንሽ ያወራሉ። ከዚያ ተነስታ ትመጣለች። በግድግዳው በኩል ወንበሯን ስትስብ እሰማለሁ፤ ያን ቀን ምንም አልጠይቃትም።